ስለ እንሶስላ ተከላ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጓሯችሁ ውስጥ ፀሐይ የማይደርስበት ጥግ ካለና እንሶስላ ልትተክሉበት ካሰባችሁ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀውን ከቀላሉ ጀምሬ ላስቀምጥላችሁ።

እንሶስላ ምን አይነት ተክል ነው?

ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚሞቁበት እሱ ራሱ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ገበያ ላይ ተደርድሮ የሚሸጠውን ስሩን ብቻ ስለሆነ ተክሉ ምን ይመስላል ሲባል ግራ ይገባዋል። ከ1 እስከ 2 ሜትር የሚያድግ፣ ግንዱ ወፍራምና ውሃ የሞላው፣ ትንሽ ስታጎብጡት ቀጭ ብሎ የሚሰበር፣ ቅጠሉ ሰፋ ብሎ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለው ተክል ነው። ከአፈር በታች ደግሞ እንደ ስኳር ድንች አንድ ላይ የተያያዘ ወፍራም ስር አለው፣ ላዩ ቡናማ ሆኖ ሲቆረጥ ውስጡ ቀላ ይላል። የላዩ ክፍል በበጋ ደርቆ ቢጠፋም ስሩ ከታች ስለሚቆይ ዝናብ ሲመጣ በየአመቱ እራሱ ይነሳል፣ አንዴ ተክላችሁ ለብዙ አመት ማለት ነው።

ሳይንሳዊ ስሙ ኢምፔሸንስ ቲንክቶሪያ ነው፣ በ1847 እ.ኤ.አ. ይሄን ስም የሰጠው ፈረንሳዊው የእፅዋት ተመራማሪ አሺል ሪሻር ነው። የኛ አገር ደጋና ወይና ደጋ ላይ በወንዝ ዳር፣ በደን ጠርዝ፣ በገደል ስር እርጥብ ቦታ ላይ በራሱ ይበቅላል፣ ኬንያ ኡጋንዳ ታንዛኒያና ኮንጎ ከፍታ ቦታዎች ላይም አለ።

ከሒና ጋር አንድ ነው እንዴ?

አይደለም፣ ምንም አይገናኙም። ሒና የቆላ ቁጥቋጦ ነው፣ ፀሐይና ሙቀት ይወዳል፣ የሚፈለገው ቅጠሉ ነው፣ ደርቆ ተፈጭቶ ዱቄት ሆኖ ይሸጣል። እንሶስላ የደጋና የጥላ ተክል ነው፣ የሚፈለገውም ስሩ ነው። ሁለቱም ቆዳ ስለሚያቀሉና ለሰርግ ለበዓል ስለሚሞቁ ነው ሰው የሚያቀላቅላቸው። ሒና ይሆናል ብላችሁ ጠራራ ፀሐይ ላይ እንሶስላ ብትተክሉ በሳምንት ውስጥ ቅጠሉ ጠውልጎ ጠርዙ ይቃጠላል።

አበባ አለው? የሚያምር ነው?

አለው፣ እኔ እንደውም ለስሩ ሳይሆን ለአበባው ብላችሁ ትከሉት ነው የምለው! አበባው ነጭ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ከታች ያሉት ሁለቱ ሰፋፊ ቅጠሎቹ ወደ ውጪ ተዘርግተው ጉሮሮው ውስጥ ደማቅ ወይን ጠጅ ቀለም የተቀባ ይመስላል። ከጀርባው ደግሞ ቀጭን ረጅም ጭራ መሳይ ቱቦ አለው፣ እስከ 10 ሳንቲሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ወደታች ጎበጥ ያለ፣ ማሩ ያለው እዛ ጫፍ ላይ ነው። በአንድ ዘንግ ላይ ብዙ እንቡጥ ይይዝና ተራ በተራ ይፈካል፣ ስለዚ አንዱ ሲረግፍ ሌላው እየተተካ ለሳምንታት ይቆያል።

ሽታውን ቀን ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም፣ ወደ ማታ ነው የሚሸተው። ምክንያቱም አበባውን የሚጎበኙት ረጅም ምላስ ያላቸው የሌሊት ቢራቢሮዎች ናቸው፣ ያ ረጅም ቱቦም ለነሱ ምላስ የተሰራ ነው። ነጭነቱም በጨለማ እንዲታይ ይረዳዋል። ለዚህ ነው በረንዳ አጠገብ ወይም ማታ የምትቀመጡበት መስኮት ስር ትከሉት የምለው፣ ጓሮ መጨረሻ ላይ ከሆነ ግማሽ ጥቅሙን ታጣላችሁ።

የኔ ሰፈር ይበቅላል?

አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ደሴ፣ ጎንደር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ጅማ፣ እነዚህ አካባቢ ካላችሁ ምንም አትጨነቁ። ባህር ዳርና ሐዋሳም ጥላና ውሃ ካገኘ ይሆናል። ደብረ ብርሃን አይነት ብርዳማ ቦታ ላይ በጥቅምትና በህዳር ውርጭ ሲመጣ ቅጠሉን በአንድ ሌሊት ሊያጠቁረው ይችላል፣ ግን በዛን ሰአት አመቱን ጨርሶ ሊተኛ የተቃረበ ስለሆነ ስሩ ምንም አይሆንም። ድሬዳዋ፣ ሰመራ፣ ጋምቤላ ያላችሁ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ባትደክሙ ይሻላል፣ ሙቀቱ ለሱ አይደለም።

ጥላ ይወዳል ስትሉ ምን ያህል ጥላ ነው?

ጨለማ ማለት አይደለም። ሁለት ቤት መሀል ያለ ሰማይ የማይታይበት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ብትተክሉት ይረዝማል፣ ይቀጥናል፣ ይጋደማል፣ አበባ አይሰጥም። የሚፈልገው ብርሃን ያለው ጥላ ነው፣ ማለትም ዛፍ ስር ሆኖ ፀሐይ በቅጠል መሀል ብልጭ ብልጭ የሚልበት፣ ወይም የጠዋት ፀሐይ እስከ 3 እና 4 ሰአት ድረስ አግኝቶ ከዛ በኋላ ግድግዳው የሚጋርድለት ቦታ። ስለዚ የቤቱ ምስራቅ በኩል ምርጥ ነው፣ ምዕራብ በኩል ደግሞ መጥፎ ነው፣ ከሰአት ያለው ፀሐይ ነው የሚያቃጥለው።

ሰሜንና ደቡብን በተመለከተ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የአውሮፓና የአሜሪካ የጓሮ መጻሕፍት ለጥላ ተክል የቤታችሁን ሰሜን በኩል ምረጡ ይላሉ፣ ለነሱ ልክ ነው፣ ፀሐይዋ አመቱን ሙሉ በደቡባቸው ነው የምትሄደው። እኛ ጋ እንደዛ አይደለም። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስላለች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ አካባቢ ድረስ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ናት፣ እና እንሶስላ የሚያድገው ደግሞ በዛው ጊዜ ነው። ስለዚ በክረምት ቀትር ላይ ጥላ የሚያገኘው የግድግዳው ደቡብ በኩል ነው፣ ጥላውም ሰፊ አይደለም፣ 3 ሜትር ከፍታ ያለው አጥር ሰኔ ላይ ቀትር የሚጥለው ጥላ ከ1 ሜትር ያንሳል። በዛ ላይ ከመስከረም በኋላ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ትዞርና ያው ቦታ ገና አበባ ላይ እያለ ፀሐይ ይመታዋል። በግድግዳ ብቻ ከመተማመን ዛፍ ስር መትከል ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ከዛፍ አቮካዶ፣ ኮክ፣ ወይራ፣ ዋንዛ ጥሩ ናቸው፣ እንሰት ካላችሁ ደግሞ ከእንሰት ስር በጣም ይመቸዋል። ባህር ዛፍና ጥድ ስር ግን አትትከሉ፣ ውሃውን ይሻሙታል።

ከየት ነው የማገኘው? ገበያ የገዛሁት ስር ይበቅላል?

ከሁሉም የሚሻለው ግቢው ውስጥ ካለው ሰው መለመን ነው፣ በገጠርና በድሮ ሰፈሮች ውስጥ እናቶች ጓሮ ይገኛል፣ እማማ ትንሽ ከስሩ ይስጡኝ ብትሏቸው ደስ ብሏቸው ነው የሚሰጧችሁ፣ እንዴት እንደሚሞቅም አብረው ይነግሯችኋል። ችግኝ ጣቢያዎች ሄዳችሁ ኢምፔሸንስ ካላችሁ ግን ሌላ ነገር ነው የሚሰጧችሁ፣ በፕላስቲክ የሚሸጠው አጭሩ ሮዝና ብርቱካናማ አበባ ያለው ዘመዱ ነው፣ እሱም የጥላ ነው፣ ያምራል፣ ግን እንሶስላ አይደለም።

የገበያው ስር ሊበቅልም ላይበቅልም ይችላል። የሚበቅለው ቡቃያው ያለበት የአንገቱ ክፍል ማለትም ግንዱ ከስሩ ጋር የተገናኘበት ቦታ አብሮ ካለ ነው። ሻጮች ብዙ ጊዜ ያንን ቆርጠው ጥለው ወፍራም ወፍራሙን ነው የሚያመጡት፣ ያ ደግሞ ለመሞቅ እንጂ ለመትከል አይሆንም። ስትገዙ አገላብጣችሁ እዩ፣ ጫፉ ላይ የደረቀ የግንድ ቁራጭ ወይም ትናንሽ ቀላ ያሉ ጉጦች ካሉበት ውሰዱ፣ የተጨማደደና ሲጫኑት የሚለሰልስ ከሆነ ተዉት።

ከጫካና ከወንዝ ዳር ነቅሎ ማምጣትን አልመክርም። አሁን ደን እየጠበበ፣ ወንዝ ዳሩ እየታረሰ ነው፣ በዛ ላይ ሁሉም ስሩን ነቅሎ ሲሄድ የሚተካ የለም። ጓሮ ውስጥ መትከል ዋናው ጥቅሙም ይሄ ነው፣ የሚሞቀውም የሚሸጠውም ከጓሮ ከሆነ የጫካው ይተርፋል።

መቼ እና እንዴት ነው የሚተከለው?

ግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል። የበልግ ዝናብ ያለበት አካባቢ ከሆናችሁ ከመጋቢት ጀምሮ መትከል ትችላላችሁ፣ ግን በልጉ ካቋረጠ ውሃ ማጠጣት ግዴታ ነው። ነሐሴ ላይ የተተከለ ስር ብዙ ጊዜ ሳያብብ በጋው ይደርስበታል፣ አይሞትም ግን አመቱ ባከነ።

ጉድጓዱን ከስሩ እጥፍ ሰፋ አድርጋችሁ ቆፍሩ፣ ስሩን ቡቃያው ወደ ላይ ሆኖ አስቀምጡና ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር አፈር አልብሱት። በአንዱና በሌላው መሀል ከ60 እስከ 80 ሳንቲሜትር ተዉ፣ መጀመሪያ ላይ ባዶ ይመስላችኋል ግን መስከረም ላይ ተገናኝተው ታገኟቸዋላችሁ። በተከላችሁበት ቦታ ላይ እንጨት ትከሉ ወይ ድንጋይ አስቀምጡ፣ ለመብቀል ጊዜ ይወስዳል፣ እዛ መሀል ሌላ ሰው አረም ሲያርም ወይ ሲቆፍር ይቆርጠዋል፣ በጣም የሚያጋጥም ነገር ነው።

አፈሩ ምን አይነት መሆን አለበት?

ብስባሽ የበዛበት፣ እርጥበት የሚይዝ ግን ውሃ የማያቆር። የደን አፈር አስቡ፣ ጥቁር ሆኖ በእጅ ሲጨብጡት የሚፈረፈር። ቀይ አፈር ላይ ከሆናችሁ ኮምፖስትና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅላችሁ መትከል ብቻ ነው። ችግሩ መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ላይ ነው፣ ክረምት ላይ ውሃ ይዞ ስሩን ያበሰብሰዋል፣ በጋ ላይ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ስሩን ይበጥሰዋል። መረሬ ያላችሁ ቢያንስ 20 እና 30 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ መደብ ስሩ፣ ኮምፖስት አብዙበት፣ ውሃ መውረጃ ቦይ አውጡለት።

ትኩስ ፍግ አታድርጉ፣ ያቃጥላል። ላዩን ደግሞ በደረቀ ቅጠል ወይ በሳር ሸፍኑት፣ እርጥበቱን ይጠብቅለታል።

ውሃ በየቀኑ ልስጠው?

ክረምት ላይ ዝናቡ ይበቃዋል፣ ሳምንት ካቋረጠ ብቻ ስጡት። መስከረምና ጥቅምት ላይ ግን ዝናቡ እየቆመ እሱ ደግሞ አበባ ላይ ስለሆነ በሁለትና በሦስት ቀን አንዴ በደንብ አጠጡት፣ ጥቂት ጥቂት በየቀኑ ከመርጨት አንዴ ጠልቆ እስኪገባ ማጠጣት ይሻላል።

ቀትር ላይ ቅጠሉ ጭልጥ ብሎ ወድቆ ካያችሁት ቶሎ ብላችሁ ውሃ ይዛችሁ አትሩጡ፣ ሲሞቅ ያደርገዋል። መጀመሪያ አፈሩን በጣታችሁ ወደ ውስጥ ገብታችሁ ንኩት። እርጥብ ከሆነ ተዉት፣ ማታ እራሱ ይነሳል፣ ደረቅ ከሆነ አጠጡ። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ጠዋትም እንደተኛ ካገኛችሁት ግን ስሩ በስብሷል ወይም የሆነ ነገር እየበላው ነው፣ ያኔ ቆፍሮ ማየት ነው።

ግቢ የለኝም፣ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ በፖት ይሆናል?

ይሆናል፣ ፖቱ ትልቅ ከሆነ። ቢያንስ 40 ሳንቲሜትር ስፋትና ጥልቀት ያለው፣ ወይም 20 ሊትር የቀለም ባልዲ ታቹ በደንብ ተበስቶ። በትንሽ ፖት ከተተከለ ስሩ አይወፍርም፣ ቀኑን ሙሉ ይጠወልጋል። ምዕራብ የሚያይ በረንዳ ከሆነ መጋረጃ ወይ ሌላ ተክል ከፊቱ አድርጉለት። ነፋስ ያለበት ከፍተኛ ፎቅ ላይ ግንዱ ስለሚሰበር ከዱላ ጋር በጨርቅ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት።

ህዳር ላይ ሙሉ በሙሉ ደረቀብኝ፣ ሞተ ማለት ነው?

አልሞተም፣ ተኝቷል። ይሄ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፣ እና ብዙ እንሶስላ የሚጠፋውም በዚህ ምክንያት ነው፣ ሰው ሞተ ብሎ ነቅሎ ይጥለዋል ወይ ቦታውን ለሌላ ነገር ይቆፍረዋል፣ ወይ ደግሞ አዝኖለት ይድናል ብሎ በየቀኑ ውሃ ያጠጣዋልና ስሩ አፈር ውስጥ እንዳለ ይበሰብሳል። ዝናቡ ሲያበቃ ቅጠሉ ይቢጫል፣ ግንዱ ይለሰልሳል፣ ከዛ መሬት ላይ ይወድቃል፣ ተፈጥሮው ነው።

ማድረግ ያለባችሁ ግንዱ በራሱ እስኪለቅ ጠብቃችሁ የደረቀውን ማንሳት፣ ቦታውን በቅጠል መሸፈን እና መተው ነው። አፈሩ ድርቅ ብሎ እንዳይሰነጠቅ በሁለትና በሦስት ሳምንት አንዴ ትንሽ ውሃ ይበቃል። ዝናብ ሲመጣ ከታች ቀላ ያለ ወፍራም ቡቃያ ይወጣል። ሰኔ አልቆ ሐምሌ ገብቶ ምንም ካልወጣ ያኔ በጥንቃቄ ቆፍራችሁ እዩ፣ ስሩ ጠንካራ ከሆነ መልሳችሁ አልብሱት፣ ከለሰለሰና ከሸተተ ግን አልቆለታል።

ቅጠሉ ደስ ይላል ግን አበባ የለውም፣ ለምን?

ሦስት ነገር ነው የማየው። አንደኛ የመጀመሪያ አመቱ ከሆነ በተለይ ከትንሽ ስር ከተነሳ ስሩን ነው የሚያወፍረው፣ ታገሱት። ሁለተኛ ጥላው በዝቶበት ነው፣ ከላይ ያለውን ቅርንጫፍ ትንሽ መልምሉለት። ሦስተኛ ዩሪያ ወይ ፍግ አብዝታችሁ ነው፣ ዩሪያ ቅጠል ነው የሚያመጣው። ሦስተኛው ከሆነ ማዳበሪያውን አቁማችሁ በቃ መጠበቅ ነው፣ በሚቀጥለው አመት ይስተካከላል።

ቅጠሉን የሆነ ነገር እየበላው ነው፣ ምን ላድርግ?

ቡቃያው ገና ከመሬት ሲወጣ በአንድ ሌሊት ከተበላ ቀንድ አውጣ ነው፣ ዛጎል ያለውም የሌለውም ይወደዋል፣ ግንዱ ውሃ ስለሆነ። ጠዋት ላይ የሚያብረቀርቅ የልጋግ መስመር ታያላችሁ። ማታ ባትሪ ይዞ ወጥቶ በእጅ መልቀም የሚያህል መፍትሄ የለም። አመድ ዙሪያውን መበተን ለጊዜው ይረዳል ግን ዝናብ ሲመታው ዋጋ የለውም፣ በሰኔና በሐምሌ ደግሞ በየቀኑ ይዘንባል። ቢራ ያለበት ሳህን ከአፈሩ እኩል ቀብራችሁ ብታድሩ ገብተው ይሞታሉ።

አዲስ ቅጠሉ ከተጠቀለለና ከቅጠሉ በታች ትናንሽ አረንጓዴ ወይ ጥቁር ነገሮች ከተጠጋጉ ክሽክሽ ነው፣ በውሃ ግፊት እጠቡት፣ ካልሄደ ቀለል ያለ የሳሙና ውሃ ወደ ማታ ርጩበት። ፍልፈል ያለበት ሰፈር ከሆናችሁ ደግሞ ስሩን ነው የሚመጣበት፣ ተክሉ ያለምንም ምክንያት ቀና ብሎ ቆይቶ ድንገት ይወድቃል፣ አጠገቡም የአፈር ቁልል ታያላችሁ። ጉድጓዱን ከመትከላችሁ በፊት በሽቦ ወንፊት ማልበስ ነው የሚያዋጣው።

የአዲስ አበባ በረዶ ግን ከተባይ ሁሉ ይብሳል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አንድ ጊዜ የወረደ በረዶ ቅጠሉን በሳስቶ ግንዱን ሰባብሮት ይሄዳል። ተስፋ አትቁረጡ። የተሰበረውን ከጉጡ በላይ በንፁህ ቢላ ቁረጡት፣ ከጎኑ አዲስ ያወጣል፣ አበባው ብቻ ሊዘገይ ይችላል።

እንዴት ነው የማባዛው? ዘሩ ይሆናል?

በስር መክፈል ነው ቀላሉ። ተክሉ ገና ሳይነሳ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቆፍራችሁ አውጡት፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ አንድ ቡቃያ ያለበት አንገት እንዲኖረው አድርጋችሁ በስለት ቁረጡ፣ የተቆረጠውን ፊት አመድ አስነክታችሁ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ አድርቁትና ትከሉ። በግንድም ይሆናል፣ ክረምት መግቢያ ላይ አበባ ያልያዘ ቅርንጫፍ 10 ሳንቲሜትር ያህል ቆርጣችሁ የታችኛውን ቅጠል አንስታችሁ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ብትተክሉት ስር ያወጣል፣ ግን በጋው ከመግባቱ በፊት ስሩ እንዲወፍር ቶሎ መጀመር አለባችሁ፣ ነሐሴ ላይ የተጀመረ በጋውን የሚያልፍበት ስንቅ አይኖረውም።

ዘሩ ይበቅላል ግን ትግስት ይፈልጋል። ፍሬው ሲበስል ትንሽ ነክታችሁት ተስፈንጥሮ ይፈነዳና ዘሩን ይበትነዋል፣ ልጆች በጣም ነው የሚወዱት። ለመሰብሰብ ከፈለጋችሁ ፍሬው አረንጓዴ ሆኖ ወፈር ሲል ስስ ጨርቅ ከረጢት አልብሳችሁ እሰሩት። ዘሩን ሳይቆይ መዝራት ነው፣ እኩል አይበቅልም፣ አንዳንዱ ቶሎ ሲወጣ ሌላው በሚቀጥለው ክረምት ነው የሚመጣው።

ስሩን መቼ ላውጣ? ካወጣሁ አበባውን አላጣም?

ሁለቱም ይሆናል። ቢያንስ ሁለት ክረምት ይለፈው፣ ሦስት ቢሆን የተሻለ ነው። ከዛ ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ ህዳርና ታህሳስ ላይ ከጎን ቆፍራችሁ ከዳር ዳር ያሉትን ወፋፍራም ስሮች ብቻ ቆርጣችሁ ውሰዱ፣ መሀሉንና አንገቱን እንዳለ መልሳችሁ አፈር አልብሱት። እንደዚህ ከተደረገ በሚቀጥለው ክረምት ምንም እንዳልተነካ ነው የሚነሳው።

ለመሞቅ ስሩ ይታጠብና ይላጣል፣ ይወቀጣል፣ እጅና እግር ላይ ተለጥፎ በጨርቅ ታስሮ ያድራል። ቤት በቤት አሰራሩ ይለያያል፣ የእናቶቻችሁን ጠይቁ። መጀመሪያ ክንዳችሁ ላይ ትንሽ ሞክራችሁ እዩ፣ ካሳከከ ተዉት። ከገበያ ጥቁር ዱቄት ገዝቶ ቀለሙ እንዲጠቁር ብሎ ከእንሶስላ ጋር የሚቀላቅል አለ፣ ይሄን በፍጹም አታድርጉ፣ ብዙ ጊዜ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ነው፣ ቆዳ ያቆስላል፣ ጠባሳ ያስቀራል።

ይበላል? ለልጆችና ለከብት አደጋ አለው?

ለመብላት አይደለም። በባህል መድኃኒት ስሩን ቀቅሎ የሚጠጣ አለ፣ ለዚህ ብላችሁ ግን አትትከሉት፣ በተለይ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት መጠጣት የለባትም። ህፃን ልጅ ቆፍሮ እንዳያኝከው ማየት ነው። ፍየልና በግ ደግሞ እነሱን እሱ ከሚጎዳቸው በላይ እሱን እነሱ ይጎዱታል፣ አጥር ያስፈልገዋል።

ከሱ ጋር ምን ልትከል?

በጋ ላይ ቦታው ባዶ ስለሚሆን አመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሆነ ነገር ከፊቱ ቢኖር ጥሩ ነው። ክሊቪያ በጣም ይሄዳል፣ ጥላ ይወዳል፣ ቅጠሉ አይረግፍም። ፈርንም ያምራል። ቡና ያላችሁ ደግሞ እንሶስላውን ከቡናው ፊት ለፊት ትከሉት፣ የሁለቱም ፍላጎት ተመሳሳይ ነው።

ውጭ አገር ነው ያለሁት፣ እዚህ ይበቅላል?

እንደ አገሩ ነው። እዚህ ላይ ክረምት ስል የውጭውን የብርድ ወቅት፣ በጋ ስል ደግሞ የሙቀቱን ወቅት ማለቴ ነው። እንግሊዝ ያላችሁ እድለኞች ናችሁ፣ እዛ አገር አትክልተኞች ለአበባውና ለሽታው ብለው ነው የሚተክሉት፣ አንዳንድ ችግኝ ሻጮችም አላቸው። ብርዱ ሲመጣ ላዩ ይጠቁራል፣ ያኔ ቆርጣችሁ ቦታውን 15 ሳንቲሜትር በሚሆን ቅጠልና ኮምፖስት ሸፍኑት፣ ውሃ የማያቆር ቦታ ላይ ከሆነ ስሩ ክረምቱን ያልፋል። ዘግይቶ ስለሚነሳ ግንቦት ማብቂያ ድረስ ካልወጣ አትደንግጡ፣ አበባው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። ሲያትልና ፖርትላንድ አካባቢ ያላችሁም ተመሳሳይ ነው።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላይ ሁለት ነገር ነው የሚፈትነው፣ የበጋው ሙቀትና መሬቱን በረዶ የሚያደርገው የክረምቱ ብርድ። ሙሉ ጥላ ውስጥ በትልቅ ፖት ተክላችሁ በጋውን ውሃ ሳታቋርጡ ያዙት፣ ውርጭ ሲመታው ቆርጣችሁ ፖቱን እንዳለ ቤዝመንት ወይ የማይበርድ ጋራዥ አስገቡት፣ እስከ ግንቦት በወር አንዴ ትንሽ ውሃ ብቻ። ሚኒሶታ፣ ቶሮንቶ፣ ስቶክሆልም ያላችሁም በፖት ብቻ ነው የምትሞክሩት።

እስራኤል ላይ ችግሩ ብርድ አይደለም፣ ዝናቡ ተገላቢጦሽ መሆኑ ነው። እዛ የሚዘንበው እሱ በሚተኛበት ወቅት ስለሆነ መሬት ላይ ከተተከለ ስሩ ይበሰብሳል፣ ስለዚ እዛም በፖት አድርጋችሁ ዝናብ ከማያገኘው ቦታ ማሳደር፣ በጋውን ደግሞ በጥላ ውስጥ በደንብ ማጠጣት ነው፣ ኢየሩሳሌምና ከፍታ ያለው ቦታ ከባህር ዳሩ ይሻላል። ዱባይ፣ ሪያድና ኩዌት ግን ውጪ ላይ አይሆንም፣ በኤሲ ቤት ውስጥም አየሩ ደረቅ ስለሆነ ደስተኛ አይሆንም።

ከኢትዮጵያ ስሩን በሻንጣ ይዤ ብመጣስ?

አፈር ያለበትን ስር በሻንጣ ማስገባት በአብዛኛው አገር የተከለከለ ነው። ለመትከል የሚሆን ተክል ወደ አሜሪካ፣ እንግሊዝና አውሮፓ ህብረት ሲገባ የፋይቶሳኒተሪ ሰርተፊኬት ይጠየቃል፣ ይሄ ከተነሳበት አገር የእፅዋት ጤና ምርመራ አልፎ የሚሰጥ ወረቀት ነው፣ ከሌለ ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል፣ ሳታሳውቁ ከተገኘ ደግሞ ቅጣት አለው። ዘሩ ትንሽ ስለሆነ ያልፋል የሚል ሰው አለ፣ ለዘርም ህግ አለ። ምክንያቱ ደግሞ እውነተኛ ነው፣ በአይን የማይታይ የአፈር ትልና ሻጋታ አብሮ ይሄዳል።

ስለዚ መጀመሪያ እዛው ያላችሁበት አገር ውስጥ ፈልጉ፣ ስትጠይቁ ኢምፔሸንስ ቲንክቶሪያ በሉ፣ እንሶስላ ብትሉ አያውቁትም። እንግሊዝ ውስጥ ብርቅ ተክል የሚሸጡ ቤቶች በፀደይ ችግኙን ያወጣሉ። አሜሪካ ውስጥ የምትገዙት ከሌላ ስቴት ከሆነ ሻጩ ወደ እናንተ ስቴት መላክ ይችል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ አንዳንድ ስቴቶች የራሳቸው ገደብ አላቸው። ሲደርሳችሁም ፎቶው ላይ ነጭ አበባ፣ ወይን ጠጅ ጉሮሮና ረጅም ቱቦ መኖሩን አረጋግጡ፣ በዚህ ስም ሌላ ኢምፔሸንስ የሚሸጥበት ጊዜ አለ።